ሞተሩ ይጠፋል፣ ወያላው ይቀራል

ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ የሚሄደው ሚኒባስ ለመነሳት አንድ ሰው ብቻ ቀርቶታል። ወያላው የመኪናውን ጎን በመዳፉ እየመታ «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ!» ይላል። ጋቢና የተቀመጠችው ወጣት ከመቀመጫዋ ሥር የሚንተከተከውን ሞተር ችላ ብላ ከቦርሳዋ አንዲት ጥቁር ኬዝ አወጣች። የሶኒ ማዳመጫዎቿን ስፖንጅ በጣቶቿ ጨመቅ አድርጋ ጆሮዋ ውስጥ ከተተች፤ ስፖንጁ መልሶ እስኪነፋም ትንሽ ጠበቀች። ከኋላዋ ያለው ልጅ ነጭ ዘንግ ያላቸውን የአፕል ማዳመጫዎች ቀድሞ ሰክቷል። መኪናው ሲነሳ ለሁለቱም ሞተሩ የለም ማለት ይቻላል። ወያላው ግን አለ። «ሂሳብ!» ሲል ሁለቱም ቀና አሉ።

ብዙ ሰው ጫጫታ የሚያጠፋ ማዳመጫ ሲባል ዓለምን በአንድ ንክኪ ጸጥ የሚያደርግ ዕቃ ይመስለዋል። ሻጮችም ይህን ግምት ለማረም አይቸኩሉም። ሁለቱን ዕቃዎች፣ ማለትም የአፕልን ኤርፖድስ ፕሮ 2 እና የሶኒን ደብሊው ኤፍ-1000 ኤክስ ኤም 5፣ አስቀምጦ «የቱ ይሻላል?» ብሎ ከመጠየቅ በፊት ግን ሞተሩ የጠፋበትንና ወያላው የቀረበትን ምክንያት ማወቅ ያስፈልጋል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግማሹ እዚያ ላይ ነው።

ድምፅ የአየር ግፊት ከፍና ዝቅ ማለት ነው። ማዳመጫው በውጭ በኩል ባለው ማይክሮፎን የሚመጣውን ጫጫታ ይሰማል፤ ውስጡ ያለው ቺፕ የዚያኑ ድምፅ ግልባጭ ይሠራል፤ ግፊቱ ከፍ ባለበት ዝቅ፣ ዝቅ ባለበት ከፍ የሚል ሞገድ ወደ ጆሮ ይለቃል። አንድን በር ሁለት ሰዎች ከዚህና ከዚያ ወገን በእኩል ጉልበት ሲገፉት እንደማይንቀሳቀስ ሁሉ፣ ሁለቱ ሞገዶች ሲገናኙ የጆሮ ታምቡር የሚያንቀሳቅሰው ያጣል። በጆሮ በኩል የተተከለ ሌላ ማይክሮፎን ደግሞ ሳይጠፋ ያመለጠውን እየሰማ ስህተቱን ያስተካክላል። ሁለቱም ማዳመጫዎች በእያንዳንዱ ጆሮ ሦስት ሦስት ማይክሮፎን አላቸው፤ በዚህ አይበላለጡም።

ችግሩ ጊዜ ነው። በሴኮንድ 100 ጊዜ የሚመላለስ ወፍራም ድምፅ፣ እንደ ሞተር ጉርምርምታ ያለው፣ የአንዱ ሞገድ ርዝመት 3 ሜትር ተኩል ገደማ ነው። ቺፑ ግልባጩን ለመሥራት ጥቂት ቢዘገይ እንኳ ሞገዱ ገና አላለፈም። በሴኮንድ 5,000 ጊዜ የሚመላለስ ቀጭን ድምፅ ግን ርዝመቱ 7 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። እዚህ ላይ ትንሽ የዘገየ ግልባጭ ጫጫታውን በማጥፋት ፈንታ ይጨምርበታል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ማሽኑን ለወፍራሙ ድምፅ ብቻ ይመድቡታል፤ በሴኮንድ ከ1,000 ገደማ በላይ ለሚመላለሰው ድምፅ ሥራውን በአብዛኛው ጆሮ ውስጥ ለሚገባው ጎማ ይተዉለታል። የሰው ንግግር ደግሞ መለያው ያለው ከላይኛው ወገን ነው። «ሰ»፣ «ሸ»፣ «ጨ» ሁሉ ቀጫጭን ናቸው። የመኪና ጥሩምባ፣ የሕፃን ለቅሶ፣ የብርጭቆ መንኳኳት፣ የቡና ሙቀጫ በድንገት ወይም በቀጭኑ የሚመጡ ስለሆኑ ማሽኑ አይደርስባቸውም። ሞተሩ ሲጠፋ ደግሞ የቀረው ድምፅ የበለጠ ጎልቶ ይሰማል። ወያላው «ከበፊቱ ይልቅ የጮኸ» የሚመስለው ለዚህ ነው።

ሐሳቡ ከእነዚህ ዕቃዎች እጅግ ይቀድማል። ፓውል ሉግ የተባለ ጀርመናዊ ድምፅን በድምፅ ስለማጥፋት እ.ኤ.አ. በ1933 በአገሩ የፈጠራ መብት ጠየቀ፤ አሜሪካም በ1936 መብቱን ሰጠችው። ሐሳቡ በወረቀት ላይ ትክክል ነበር፤ በዘመኑ የነበረው ኤሌክትሮኒክስ ግን ሊከተለው አልቻለም። በ1978 አማር ቦዝ፣ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም መምህርና የድምፅ ማጉያ ድርጅት ባለቤት፣ ከዙሪክ ወደ ቦስተን ሲበር አየር መንገዱ የሰጠውን ማዳመጫ አጥልቆ ሙዚቃው በሞተሩ ድምፅ ተዋጠበት። ስሌቱን የጀመረው እዚያው አውሮፕላኑ ውስጥ ነው። በዲሴምበር 1986 ዲክ ሩታንና ጂና ዬገር ቮየጀር በተባለች አውሮፕላን ነዳጅ ሳይሞሉ፣ ሳያርፉ፣ ዓለምን በዘጠኝ ቀን ሲዞሩ የቦዝን የሙከራ ማዳመጫ አድርገው ነበር። ለአብራሪዎች የተሠራው ማዳመጫ ገበያ ላይ የወጣው በ1989 ነው። ያኔ ትልቅ የራስ ማዳመጫ የሚፈልገው ሥራ አሁን 5 ግራም በሚመዝን ነገር ውስጥ ገብቷል።

ሶኒ ያለ ገመድ ጆሮ ውስጥ የሚገባና ጫጫታ የሚያጠፋ ማዳመጫ ይዞ የመጣው በ2017 ነበር፤ አፕል በመጀመሪያው ኤርፖድስ ፕሮ የተከተለው በ2019 መጨረሻ ነው። እዚህ የሚነጻጸሩት ግን የኋለኞቹ ናቸው። ኤርፖድስ ፕሮ 2 በሴፕቴምበር 2022 በ249 ዶላር ወጣ፤ ከዓመት በኋላ ቻርጅ ማድረጊያው ወደ ዩኤስቢ-ሲ ተቀየረ። የሶኒው ኤክስ ኤም 5 በጁላይ 2023 በ300 ዶላር ብቅ አለ፤ ከቀዳሚው ሩብ ያህል አንሶ፣ 20 በመቶ ቀልሎ። አፕል የራሱን ኤች 2 ቺፕ ይዟል፤ ከመጀመሪያው ትውልድ እስከ ሁለት እጥፍ ጫጫታ ያጠፋል ሲል አስታውቋል። ሶኒ ሥራውን ለሁለት ቺፖች አካፍሏል። የአፕሉ ማዳመጫ 5.3፣ የሶኒው 5.9 ግራም ይመዝናል። እነዚህ ቁጥሮች ሳጥኑ ላይ ያምራሉ፤ ጆሮ ግን አያነብባቸውም።

ጆሮ የሚያውቀው ጫፉን ነው። አፕል ለስላሳ የሲሊኮን ጎማ በአራት መጠን ይሰጣል። ሶኒም አራት መጠን አለው፤ የእሱ ግን ከስፖንጅ የተሠራ ነው። ተጨምቆ ይገባና ጆሮው ውስጥ ተነፍቶ ቀዳዳውን ይደፍናል። ማሽኑ የማይደርስበትን ቀጭን ድምፅ የሚያግደው ይህ ነው። ስለዚህ ሚኒባሱ ውስጥ ከሁለቱ ወያላውን የበለጠ የምታርቀው ጋቢና ያለችው ናት፤ በቺፑ ብልጫ ሳይሆን በስፖንጁ። ዋጋውም አለው። ስፖንጅ ጆሮ ይሞላል፤ ለሰዓታት ሲቆይ የሚከብዳቸው፣ የሚያሳክካቸው ሰዎች አሉ፤ ላብና ቅባት ስለሚጠጣም ያልቃል። የአፕሉ ጎማ ታጥቦ ይደርቃል፤ ጆሮ ውስጥ መኖሩም ቶሎ ይረሳል።

ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። በሳጥኑ ውስጥ የመጣውን መካከለኛ መጠን ሰክቶ፣ ሌሎቹን ጎማዎች ሳይነካ፣ «ይሄ ነው እንዴ ያ ሁሉ ወሬ?» ይላል። በጎማውና በጆሮው መካከል ትንሽ ክፍተት ካለ የሚያመልጠው ወፍራሙ ድምፅ ነው፤ ሞተሩ ይመለሳል፣ የሙዚቃው ቤዝም አብሮ ይሄዳል። ግራና ቀኝ ጆሮው እኩል ያልሆነ ሰው ጥቂት አይደለም፤ በአንዱ ትንሹን፣ በሌላው መካከለኛውን ማድረግ ይቻላል። ሁለቱም አምራቾች ጎማው መግጠሙን በስልክ የሚፈትሽ መሣሪያ ሰጥተዋል። አምስት ደቂቃ የማይፈጅ ነገር ነው፤ ከ50 ዶላር የዋጋ ልዩነት ይልቅ ለውጥ ያመጣል።

ጫጫታውን ከማጥፋቱ ጋር እኩል የሚያስፈልገው ውጭውን መልሶ መስማት ነው፤ በአዲስ አበባ መንገድ ላይ ደግሞ የሕይወት ጉዳይ ነው። ከኋላ የሚመጣ ባጃጅ፣ ቀይ መብራት የማያቆመው ሞተር ብስክሌት አለ። እዚህ አፕል ይበልጣል፣ በግልጽ ይበልጣል። ማይክሮፎኖቹ የሚያቀብሉት የውጭ ድምፅ ማዳመጫ ያልተደረገ ያህል የተፈጥሮ ይመስላል፤ ቺፑ በሴኮንድ 48,000 ጊዜ እየለካ እንደ ሳይረን ያለ ድንገተኛ ከባድ ድምፅ ሲመጣ ዝቅ ያደርገዋል። ሶኒም ውጭውን ያሰማል፤ ነገር ግን የማይክሮፎን ለዛ አለው፣ በማሽን በኩል እንደመጣ ያስታውቃል። ሁለቱም ባለቤቱ ሲናገር ሙዚቃውን ዝቅ የሚያደርግ ወይም የሚያቆም ስልት አላቸው። «ወራጅ አለ!» ማለት ብቻ ይበቃል። አብሮ ማንጎራጎር የሚወድ ሰው ግን ይህን ቢያጠፋው ይሻለዋል፤ ዘፈኑ በየአዝማቹ ይቆምበታል።

የስልክ ጥሪ ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም። የአፕሉ ዘንግ ማይክሮፎኑን ወደ አፍ ያቀርበዋል፤ ሶኒ የራስ ቅል ንዝረት የሚያነብ መሣሪያ ይጠቀማል። ሁለቱም መንገድ ላይ ያሰማሉ፤ በነፋስ ሁለቱም ይቸገራሉ።

የድምፅ ጥራት የጣዕም ነገር ነው፤ አንድ ነጥብ ብቻ በደንብ መታየት አለበት። ሶኒ ኤልዳክ የተባለ የብሉቱዝ አላላክ አለው፤ በሴኮንድ እስከ 990 ኪሎ ቢት ያሳልፋል፤ አይፎን ይህን አይደግፍም፣ ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ግን ይደግፋሉ። ቁጥሩ ትልቅ ነው። ዘፈኑ ከዩቲዩብ የሚመጣ ወይም ጓደኛ በቴሌግራም የላከው፣ ሦስት አራት ጊዜ የተጨመቀ ኤምፒ3 ከሆነ ግን ቧንቧው መስፋቱ ውኃውን አያጠራውም። የሶኒ እውነተኛ ጥቅም ሌላ ነው፤ በመተግበሪያው ቤዙንና ትሬብሉን እንደ ልብ መቀያየር ይቻላል። አፕል ለዚህ እምብዛም ቦታ አይሰጥም።

ከዋሽንግተን ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ ለሁለቱም ጥሩ ፈተና ነው። የአውሮፕላን ውስጥ ድምፅ 80 ዴሲቤልና ከዚያ በላይ የሚደርስ፣ ወፍራምና የማይቋረጥ፣ ማለትም ለዚህ ቴክኖሎጂ የተፈጠረ የሚመስል ጫጫታ ነው። ቦዝም የተነሳው ከዚሁ ነው። በረራው ከ12 ሰዓት በላይ ይፈጃል። የአፕሉ ጫጫታ እያጠፋ 6 ሰዓት፣ የሶኒው 8 ሰዓት ይቆያሉ። ስለዚህ የአፕሉ ባለቤት በእኩለ ሌሊት አንድ ጊዜ ወደ ኬዙ መልሶ ቻርጅ ያደርጋል፤ የሶኒውም ማድረጉ አይቀርም፣ ግን ቁርስ ሲቃረብ። ኬዞቹ በጠቅላላው አፕል 30፣ ሶኒ 24 ሰዓት ያደርሳሉ። አብዛኛው መንገደኛ የማያስበው ነገር ሌላ ነው፤ በመቀመጫው ጀርባ ያለው ስክሪን ገመድ የሚሰካበት ከሆነ ሁለቱም ብቻቸውን አይገናኙትም። ፊልሙን ለማየት ወይ ድምፁን ወደ ብሉቱዝ የሚቀይር ትንሽ መሣሪያ መያዝ፣ ወይ አስተናጋጇ በምታድለው ማዳመጫ መብቃቃት ነው።

እስካሁን ያለው ሁሉ ሚዛኑን ትንሽ ወዲህ ትንሽ ወዲያ ያደርጋል። ምርጫውን የሚዘጋው ግን ኪስ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ኤርፖድስ ፕሮ 2 ከአንድሮይድ ጋር ይሠራል፤ ሙዚቃ ያጫውታል፣ ዘንጉን በመጫን ጫጫታ ማጥፊያውን ያበራል። ከዚያ ወዲያ ግን በሩ ይዘጋል። የጎማ መፈተሻው የለም፣ ማስተካከያው የለም፣ የማዳመጫው ሶፍትዌር ራሱ የአፕል መሣሪያ ካላገኘ አይታደስም። ሶኒ በአንጻሩ መተግበሪያውን ለሁለቱም ስልኮች ሠርቷል። ቴክኖ ስልክ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በአዲስ አበባ በሚገጣጠምባት፣ አብዛኛው ሰው አንድሮይድ በሚይዝባት አገር ለኤርፖድስ ፕሮ ያን ያህል ገንዘብ አውጥቶ በሳምሰንግ ወይም በቴክኖ መጠቀም ግማሹን ዕቃ ከሳጥኑ ሳያወጡ እንደ መተው ይቆጠራል። አይፎን ለያዘ ሰው ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ ኬዙን ሲከፍት ስልኩ ያውቀዋል፣ ከአይፓድ ወደ ስልክ ራሱ ይሻገራል፣ ሶፋ ሥር የወደቀውን ኬዝ በድምፅ ይጠራዋል።

አንድ ነገር አለ፣ ምርጫውን ከሙዚቃ ጉዳይ አውጥቶ የጤና ጉዳይ የሚያደርገው። በሴፕቴምበር 2024 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን ኤርፖድስ ፕሮ 2ን ወደ መስማት መርጃ የሚቀይር ሶፍትዌር ፈቀደ፤ ያለ ሐኪም ትእዛዝ የሚሸጥ የመስማት መርጃ ሶፍትዌር ሲፈቀድ የመጀመሪያው ነበር። ዕድሜው 18ና ከዚያ በላይ ለሆነ፣ መስማቱ በመጠኑ ለቀነሰ ሰው የታሰበ ነው። ሰውየው አይፎን ይዞ ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ይቀመጣል፤ አምስት ደቂቃ ገደማ ቀጫጭንና ወፋፍራም ድምፆችን እየሰማ ስክሪኑን ይነካል፤ ማዳመጫው በውጤቱ መሠረት የጎደለውን እየለየ ያጎላለታል። በሜሪላንድ ወይም በቨርጂኒያ ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩ፣ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ዕለት በዕለት ከፍ የሚያደርጉ እናትና አባት ላሏቸው ቤተሰቦች ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ወሰኑን ማወቅ ግን ይገባል። ባትሪው ቀኑን ሙሉ አይዘልቅም፣ መስማታቸው በጣም ለደከመ አይሆንም፣ አገልግሎቱም በየአገሩ አይገኝም። በሶኒው ማዳመጫ ይህን የሚተካ ነገር የለም።

ለወጣቱ ደግሞ ዝምታው ራሱ መከላከያ ሊሆን ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በ80 ዴሲቤል በሳምንት 40 ሰዓት ማዳመጥ እንደማይጎዳ ይቆጥራል፤ ድምፁ ወደ 90 ሲወጣ ግን የሚፈቀደው ጊዜ ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። ሚኒባስ ውስጥ ተራ ማዳመጫ ያደረገ ሰው ዘፈኑ ከሞተሩ በላይ እንዲሰማው ድምፁን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በየቀኑ ጠዋትና ማታ እንዲህ ከሆነ ሳምንቱ ሳያልቅ ድርሻው ያልቃል። ሞተሩ ሲጠፋለት በግማሽ ድምፅ ይበቃዋል። ሞተሩ ጠፍቶለትም ድምፁን እዚያው ላይ የሚተው ሰው ግን አለ፤ እሱን የትኛውም ቺፕ አይረዳውም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው ዕቃው እውነተኛ ከሆነ ነው። በቦሌና በመርካቶ መስታወት ውስጥ «ኤርፖድስ ፕሮ» የሚል ጽሑፍ ያለበት ሳጥን በብዙ ዓይነት ዋጋ ይሸጣል። አስመስለው የተሠሩት አይፎን አጠገብ ሲከፈቱ እንደ እውነተኛው ስክሪኑ ላይ ብቅ ይላሉ፤ ሴሪያል ቁጥራቸውም ከእውነተኛ ዕቃ ላይ የተቀዳ ሊሆን ይችላል። ባለሙያም ይሳሳታል። በ2020 በኒው ዮርክ ኬኔዲ አውሮፕላን ማረፊያ የአሜሪካ ጉምሩክ 2,000 «የኤርፖድስ ቅጂዎች» ያዝኩ ብሎ ፎቶ ቢያወጣ ሳጥኖቹ ላይ የተጻፈው ዋንፕላስ በድስ የሚል ሆኖ ተገኘ፤ ሌላ ታዋቂ አምራች በራሱ ስም የሠራው ዕቃ ማለት ነው። ጉምሩኩ ቅርጹ የአፕልን መብት ይነካል ብሎ በአቋሙ ጸና።

ሐሰተኛው በቀላሉ ሊያስመስለው የማይችለው አንድ ነገር ጫጫታ ማጥፋቱን ነው። ርካሾቹ ቅጂዎች «ኖይዝ ካንስሊንግ» የሚል ቁልፍ ያሳያሉ እንጂ ቁልፉ ሲነካ የሚለወጥ ነገር የለም፣ ወይም ትንሽ ሽው የሚል ድምፅ ብቻ ይጨምራሉ። ለመፈተሽ ጸጥ ያለ ሱቅ አይረባም። መብራት ጠፍቶ በረንዳው ላይ ጄኔሬተር ሲነሳ ግን ምቹ ጊዜ ነው። ሙዚቃ ሳይከፍቱ ማዳመጫውን ሰክቶ፣ ጄኔሬተሩ አጠገብ ቆሞ ማጥፊያውን ማብራትና መዝጋት ነው። እውነተኛው ከሆነ ጉርምርምታው ከሥሩ ተነቅሎ እንደሚሄድ ያህል ይሰማል፤ የባለ ሱቁ ንግግር ደግሞ ይቀራል። ካልተለወጠ ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ምንም ይሁን ምን ያው ነው።

ዋጋውም እንደ ድሮው አይደለም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከመደረጉ በፊት 249 ዶላር በባንክ ተመን 14,000 ብር ገደማ ነበር፤ አሁን ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለዚህ ነው ብዙ ሰው ከአሜሪካ ወይም ከዱባይ የሚመጣ ዘመድ የሚጠብቀው። አፕል በሴፕቴምበር 2025 ሦስተኛውን ትውልድ በዚያው በ249 ዶላር አውጥቷል፤ ጫጫታ እያጠፋ 8 ሰዓት ይቆያል፣ የልብ ምት ይለካል፣ ጎማዎቹም አምስት መጠን ሆነው ውስጣቸው ስፖንጅ ገብቶባቸዋል። አፕል ለዓመታት በሲሊኮን ብቻ ቆይቶ ሶኒ ወደነበረበት መምጣቱ የስፖንጁን ነገር የሚያጠናክር ይመስላል። አዲሱ ሲወጣ የቀድሞው ዋጋ ይወርዳል፤ ሁለተኛው ትውልድ የመስማት መርጃውን ስለያዘ ለወላጅ የሚገዛ ሰው የግድ አዲሱን መግዛት የለበትም።

ዘመድ የሚያዝ ሰው አብሮ የሚያዘው ነገርም አለ። እዚህ ያለ ጥገና ቤት የስልክ ስክሪን በሰዓት ውስጥ ይቀይራል፤ በሙጫ የታሸገውን የአፕል ማዳመጫ ከፍቶ የጥፍር ያህል ባትሪ መቀየር ግን ሌላ ነገር ነው። አፕል በአሜሪካ ለአንዱ ባትሪ 49 ዶላር፣ አንዱ ጠፍቶ ለሚተካ 89 ዶላር ያስከፍላል፤ ሚኒባስ ወለል ላይ ወድቆ የቀረ አንድ ጆሮ ማለት ይህ ነው። ለሶኒ ደግሞ ስፖንጁ ያልቃልና በትክክለኛው መጠን ሁለት ሦስት ጥንድ ትርፍ ጫፍ በዚያው ሻንጣ ቢመጣ ጥሩ ነው። መጠኑን ለማወቅ የሚሻለው ዘመድ ከመነሳቱ በፊት የጓደኛን ማዳመጫ ተውሶ፣ አልኮል በነካ ጨርቅ ጠርጎ፣ አራቱንም መሞከር ነው።